ጸጋ የሚለው ቃልና የመርከበኛው የጆን ኒውተን ሕይወት

አንባቢ ሆይ፤ በየቀኑ በአፋችን የምናመላልሰውን ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ ሳንመረምር ብዙ ዘመን እንኖራለን። ምሕረቱን ያውርድልን እንላለን፤ ጸጋውን ያብዛልህ እንላለን፤ ቃሉ ግን ከከንፈር ወደ ልብ ሳይወርድ፥ ከልብም ወደ እጅ ሳይደርስ ይቀራል። ስለዚህ በእንግሊዞች ቋንቋ ስላለ አንድ ቃል፥ ያንንም ቃል በመላ ዕድሜው ስለ ተማረ አንድ ሰው ልነግርህ ወደድሁ። ቃሉ ግሬስ ይባላል፤ እኛ ጸጋ ብለን የምንተረጕመው ነው። ሰውየው ጆን ኒውተን ይባላል፤ በ1725 ተወልዶ በ1807 ሞተ። በዚህች ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ስለ ቃሉ

አስቀድመን ቃሉን እንመልከት። ግሬስ የሚለው ቃል ግራጺያ ከሚለው ከላቲን ቃል ወጥቶ፥ በፈረንሳዮች አፍ አልፎ ወደ እንግሊዝ አገር የገባ ነው። ግራጺያ በሮማውያን ዘንድ ሞገስና ውበት ማለት ነበረ፤ ለሰው የሚደረግ ቸርነትም ማለት ነበረ፤ ስለ ቸርነቱ የሚመለሰው ምስጋናም ያው ቃል ነበረ። እንግዲህ አንዱ ቃል የሰጪውን እጅና የተቀባዩን አፍ በአንድነት ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሥር እንግሊዞች ብዙ ቅርንጫፍ አበቀሉ። አካሄዱ ያማረ፥ ንግግሩም የለዘበ ሰው ግሬስ አለው ይሉታል፤ እኛ ሞገስ አለው እንደምንለው ነው። ከመብል በፊት የሚደረገውን አጭር ጸሎት ግሬስ ይሉታል። መስፍንን ወይም ሊቀ ጳጳስን ሲያነጋግሩ ግሬስ በሚል ስም ያከብሩታል። ዕዳ የሚከፈልበት ቀን ከደረሰ በኋላ ለባለዕዳው የሚጨመርለትን ቀን የግሬስ ቀን ይሉታል፤ ይህም በአገራችን የእፎይታ ጊዜ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ከጌታ ልደት ጀምሮ የሚቈጠረውን ዓመት የግሬስ ዓመት ይሉታል፤ እኛም ዓመተ ምሕረት ማለታችን ከዚህ የራቀ አይደለም። ሴት ልጅ ሲወልዱ ብዙ ጊዜ በዚህ ስም ይጠሯታል። ከክብሩ የተዋረደውን ሰው ደግሞ ከግሬስ ወደቀ ይሉታል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን እግዚአብሔር ለማይገባው ሰው ያለ ዋጋ የሚሰጠው ቸርነት ግሬስ ይባላል።

እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል አንጠቀልለውም። ሞገስ፥ ምሕረት፥ ቸርነት፥ ምስጋና፥ ጸጋ እያልን ለእያንዳንዱ ስም ሰጥተነዋል። ይህ የቋንቋችን ሀብት ነው፤ ነገር ግን ስማቸው ስለ ተለየ ዝምድናቸው ሳይታየን ይቀር ይሆናል። የተቀበለ ሰው ማመስገን እንዳለበት፥ ያመሰገነም ሰው መስጠት እንዳለበት አንዱ ቃል ያስታውሳል። የጆን ኒውተን ሕይወት ይህን ዝምድና ያሳየናል፤ ከሁሉም ይልቅ ጸጋን የተቀበለ ሰው ጸጋን ሳይሰጥ ምን ያህል ዘመን ሊቈይ እንደሚችል ያሳየናል።

ስለ ልጅነቱና ስለ ውድቀቱ

ጆን ኒውተን ለንደን ከተማ ውስጥ፥ ዋፒንግ በሚባለው የቴምዝ ወንዝ ዳር ሰፈር ተወለደ። አባቱ የመርከብ አለቃ ነበረ። እናቱ ኤልሳቤጥ እግዚአብሔርን የምትፈራ ሴት ነበረች፤ ገና በሕፃንነቱ መጽሐፍ ቅዱስንና መዝሙርን አስተማረችው። ነገር ግን ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው በ1732 በሳንባ በሽታ ሞተች። አሥራ አንድ ዓመት በሆነው ጊዜ አባቱ ወደ ባሕር ይዞት ወጣ፤ እናቱ የዘራችውም ዘር በመርከበኞች ስድብና ዋዛ ተሸፈነ።

በ1742 ኬንት በሚባለው አውራጃ ሜሪ ካትሌት የምትባል ልጅ አየ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልቡ አልወጣችም። በ1744 ግን ለንጉሡ የጦር መርከብ በግድ ሰው የሚያፍሱ ወታደሮች ያዙትና ሐሪች በምትባል መርከብ ላይ አገቡት። አባቱ ስለ ማለደለት የመኰንንነት ተማሪ ሆኖ ተሾመ። ይህ በሰው ፊት የሚገኝ ሞገስ ነው፤ በዘመድ የሚመጣ፥ በጥፋትም የሚሄድ ነው። ኒውተንም አላወቀበትም፤ ከመርከቡ ኰበለለ። በተያዘም ጊዜ በመርከበኞቹ ሁሉ ፊት ተገረፈ፥ ሹመቱም ተገፈፈ። ትናንት ያዘዛቸው ሰዎች ዛሬ አላገጡበት። እንግሊዞች ከግሬስ መውደቅ የሚሉትን በሥጋው ቀመሰው።

በ1745 የመርከቡ አለቃ ባሪያ ለሚነግዱ ሰዎች መርከብ አሳልፎ ሰጠው። በዚያም መርከብ ወደ ምዕራብ አፍሪካ፥ ሴራሊዮን ወደሚባለው አገር ጠረፍ ደረሰ፤ እንደ ልቡ ለመኖርና ሀብት ለማግኘት አስቦም በአንድ የባሪያ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። በዚህ ጊዜ ሃይማኖቱን ፈጽሞ ጥሎ ነበር። ራሱ መካዱ አልበቃ ስላለው ሌሎችንም ለማስካድ ይደክም ነበር።

በሰንሰለት ያሉት ሰዎች ያደረጉለት

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ቀጥሎ የምነግርህን ነገር ልብ በለው፤ የዚህ ሰው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ ቆሟልና። ኒውተን ጌታው ለንግድ ሊሄድ ሲነሣ በብርቱ ንዳድ ታመመ። ጌታውም ትቶት ሄደ፤ የቤቱ እመቤት ግን ጠላችው። መኝታው በሳንቃ ላይ የተነጠፈ ሰሌን፥ ትራሱም የእንጨት ጕማጅ ነበረ። ንዳዱ ሲያቃጥለው ቀዝቃዛ ውኃ የሚሰጠው አላገኘም። ሕመሙ ሲቀለውና ሆዱ መብል ሲፈልግ የሚበላው አጣ፤ በሌሊት ወደ እርሻ እየወጣ የተተከለ ሥር ነቅሎ በጥሬው ይበላ ነበር።

በዚያ ቤት ለሽያጭ የተያዙ፥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ነበሩ። የሚሰጣቸው ምግብ ጥቂት ነበር። እነዚህ ሰዎች ከዚያች ከጥቂቷ ቀንሰው፥ ማንም እንዳያያቸው ተሰውረው ለኒውተን ያመጡለት ነበር። ቢታዩ ቅጣት ይደርስባቸው ነበር። ይህን ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ በመጽሐፉ መሰከረ።

እስቲ አስተውል። እነዚህ እስረኞች ለኒውተን ምን ዕዳ ነበረባቸው? እርሱ እነርሱን ሊሸጥ የመጣ ሰው አገልጋይ ነበረ። ቋንቋቸውን አይናገርም፤ ወገናቸውም አይደለም። የሚከፍላቸው ምንም አልነበረውም። ግሬስ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃልም እነርሱ አልሰሙትም። ነገሩን ግን አደረጉት። ለማይገባው ሰው፥ ዋጋ ሳይጠይቁ፥ ከራሳቸው ጕድለት ሰጡት። ቃሉን የሚያውቀው ተቀባዩ ነበረ፤ ሥራውን የሚያውቁት ሰጪዎቹ ነበሩ።

ስለ ማዕበሉ ሌሊት

በኋላ ኒውተን ወደ ሌላ ጌታ ተዛውሮ ኑሮው ተሻለ። በ1747 አባቱ ፈልጎ እንዲያመጣለት የለመነው ግሬይሐውንድ የሚባለው መርከብ አለቃ አገኘውና ተሳፈረ። መርከቡ ወርቅና የዝሆን ጥርስ፥ የማቅለሚያ እንጨትና ሰም ይነግድ ነበር። በ1748 ወደ አገር ሲመለሱ፥ በቀድሞው የእንግሊዞች አቈጣጠር ማርች 10 ቀን፥ በአሁኑ ማርች 21 ቀን፥ በሰሜን አትላንቲክ ባሕር ላይ ጽኑ ማዕበል ተነሣ። የመርከቡ ጎን ተሰበረ፥ ውኃም ገባ። ኒውተን ከእንቅልፉ ነቅቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል አለቃው ቢላዋ እንዲያመጣ መለሰው፤ በእርሱ ፈንታ ቀድሞ የወጣውን ሰው ማዕበሉ ጠርጎ ወሰደው።

ከሌሊቱ ጀምሮ እስከ ቀትር ውኃውን በመቅጃ መሣሪያ ሲያወጡ ዋሉ። በዚያ መካከል ኒውተን ይህ ካልሆነልን እግዚአብሔር ይማረን የሚል ቃል ሳያስበው ከአፉ አመለጠ። ቃሉ እንደ ወጣ ደነገጠ፤ ያን ያህል ዘመን እግዚአብሔርን ሲሰድብ ለኖረ ሰው ምን ምሕረት ሊኖር ይችላል ብሎ አሰበ። ለብዙ ዓመት እንደ ልማድ የሚናገረውን ቃል በዚያች ሰዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማው። ከዚህ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ መሪውን ይዞ ቆሞ፥ እናቱ ያስተማረችውን አንድ በአንድ አስታወሰ።

የተጫነው ሰምና እንጨት ከውኃ የቀለለ ስለ ሆነ መርከቡ ሳይሰጥም ቀረ። ምግባቸው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፥ ከአራት ሳምንት በኋላ ወደ አየርላንድ ወደብ ደረሱ። ኒውተን ያን ቀን እስከ እርጅናው ድረስ በየዓመቱ በጾምና በምስጋና ያከብረው ነበር።

ስለ ዘገየው ፍሬ

አንባቢ ሆይ፤ ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ብዙ ሰዎችም በዚህ ይጨርሱታል፤ ሰውየው በማዕበሉ ሌሊት ተለወጠ፥ የባሪያ ንግድንም ተወ፥ የታወቀውንም መዝሙር ጻፈ ይላሉ። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። መጸለይ ጀመረ፥ ስድብንም ተወ፤ የባሪያ ንግድን ግን አልተወም።

በዚያው በ1748 ባሮችን በሚያመላልስ መርከብ ላይ ሁለተኛ አለቃ ሆኖ ሄደ። በ1750 ፌብሩዋሪ 1 ቀን ሜሪን አገባ፤ በዚያው ዓመትም የአርጋይል መስፍን በሚባል የባሪያ መርከብ ላይ ዋና አለቃ ሆኖ ወጣ። ከላይ እንዳልሁህ እንግሊዞች መስፍንን ሲያነጋግሩ ግሬስ በሚል ስም ያከብሩታል። እንግዲህ ግሬስ ተብሎ የሚከበር ሰው ስም የተጻፈበት መርከብ በሆዱ ሰዎችን በሰንሰለት ይዞ ይሄድ ነበር። የክብር ስም ሥራን እንደማያከብር ከዚህ ተማር።

ከዚያ በኋላ አፍሪካን በሚባል መርከብ ሁለት ጊዜ ተጓዘ። በእሑድ ቀን መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስላቸው ነበር፤ ከእግራቸው በታች ግን የታሰሩት ሰዎች ተደርድረው ተኝተው ነበር። በ1752 እስረኞቹ ሊያምፁ አስበዋል ተብሎ በተጠረጠሩ ጊዜ፥ ኒውተን ልጆችን ጣት በሚጨምቅ ብረት አስጨንቆ እንዲናዘዙ አደረገ፤ ይህንም በገዛ እጁ በመርከቡ መዝገብ ጻፈው። ምናልባት በዚያች የመከራ ዘመን ምግብ ያመጡለት የነዚያ ሰዎች ዘመዶች በዚህ መርከብ ውስጥ ኖረው ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ከመብል በፊት የሚባለው ጸሎት ምስጋና ነው፤ ኒውተን ግን በችግሩ ጊዜ ያበሉትን ሰዎች ገና አላመሰገናቸውም ነበር።

ልቡስ ምን ይል ነበር? ራሱን እንደ ወኅኒ ጠባቂ እየቈጠረ አንዳንድ ጊዜ ያዝን ነበር፤ ሌላ ሥራ እንዲሰጠውም ይጸልይ ነበር። ነገር ግን ንግዱ ኃጢአት እንደ ሆነ አላሰበም። ሕግ የፈቀደው፥ የተከበሩ ሰዎች የሚያከብሩት፥ ብዙ ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ ነበረና። ልማድ ዓይንን እንዴት እንደሚጋርድ ተመልከት፤ ሰው ስለ ራሱ ኃጢአት እያለቀሰ በወንድሙ አንገት ላይ ሊቆም ይችላል።

በ1754 ለአራተኛ ጊዜ አለቃ ሆኖ ሊጓዝ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ከሚስቱ ጋር ተቀምጦ ሻይ ሲጠጣ ድንገት ራሱን ስቶ ወደቀ። ሐኪሞቹም ወደ ባሕር እንዳይወጣ መከሩት፤ እርሱም ሥራውን ተወ። እንግዲህ ከዚያ ንግድ ያወጣው ሕመሙ ነበረ እንጂ ኅሊናው አልነበረም።

ስለ ክህነቱና ስለ መዝሙሩ

በ1755 በሊቨርፑል ወደብ የጉምሩክ ተቈጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። በትርፍ ጊዜው ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረ፤ ወንጌልንም ለመስበክ ወደደ። በ1758 የዮርክን ሊቀ ጳጳስ ክህነት ለመነ። ሊቀ ጳጳሱም ግሬስ ተብሎ የሚከበር ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ልመናውን አልተቀበለውም። ኒውተን በዩኒቨርሲቲ ያልተማረ ከመሆኑም በላይ ሜቶዲስት ከሚባሉት ሰባክያን ጋር መወዳጀቱ ተጠልቶበት ነበር። እስከ 1764 ድረስ ታገሠ፤ በዚያ ዓመት ዳርትማውዝ የሚባለው ባላባት ስለ ማለደለት ክህነት ተቀብሎ ኦልኒ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደበ።

የኦልኒ ሰዎች ብዙዎቹ ዳንቴል እየሠሩ የሚኖሩ ድኾች ነበሩ። ኒውተን አሥራ ስድስት ዓመት ያህል በመካከላቸው ተቀመጠ። ግሬስ የሚለው ቃል በምግባር ምን እንደሚመስል በዚህ ጊዜ ይታያል። ዊልያም ኩፐር የሚባል ባለቅኔ ወዳጅ ነበረው፤ ይህ ሰው በብርቱ የአእምሮ ሕመም ይሠቃይ ነበር። በ1773 ሕመሙ ተመልሶ በመጣ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ጥሎኛል እያለ ተስፋ ቈረጠ። ኒውተንና ሚስቱም ወደ ቤታቸው አስገብተው ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁት። ይድናል የሚል ቃል ኪዳን አልነበራቸውም፤ ዋጋም አላገኙበትም። አንተም በቤትህ የታመመ ሰው ካለ፥ ትዕግሥትህም ካለቀ፥ ይህን አስብ።

በዚሁ ዓመት ጃኑዋሪ 1 ቀን ኒውተን ለአዲሱ ዓመት ስብከት መዝሙር አዘጋጀ። የስብከቱም ነገር ንጉሡ ዳዊት እግዚአብሔር ለቤቱ ያደረገለትን ቸርነት አይቶ፥ እስከዚህ ድረስ ያደረስኸኝ እኔ ማን ነኝ በሚል መንፈስ የጸለየው ጸሎት ነበረ፤ ይህም በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ይገኛል። መዝሙሩ የጠፋ ሰው እንደ ተገኘ፥ የታወረም እንዳየ ይናገራል፤ በእንግሊዞችም ዘንድ ድንቅ ጸጋ በሚለው ስም ይታወቃል። ኒውተንና ኩፐር በ1779 ባሳተሙት 348 መዝሙሮች በያዘው መጽሐፍ ውስጥ ታተመ።

መዝሙሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዘመኑን ቍጠር። ከማዕበሉ ሌሊት ሃያ አምስት ዓመት ያህል፥ ከመጨረሻውም የባሪያ ጕዞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። በ1764 ባሳተመው የሕይወቱ ታሪክም የባሪያን ንግድ አልኰነነም። ዓይኑ የራሱን መዳን አይቶ ነበር፤ የሌሎችን እስራት ግን ገና በግልጥ አላየም ነበር።

ስለ እፎይታው ቀንና ስለ ኑዛዜው

በ1780 ወደ ለንደን ተጠርቶ የቅድስት ማርያም ዉልኖዝ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ሆነ። ይህች ቤተ ክርስቲያን የባንክ ቤቶች መንገድ በሆነው በሎምባርድ ጎዳና አጠገብ ናት። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር በሐዋላ ሰነድ የተጻፈ ዕዳ ቀኑ ሲደርስ ሦስት ቀን ይጨመርለት ነበር፤ ይህም የግሬስ ቀን ይባል ነበር፤ ሕጉ የተሻረው በ1971 ነው። የኒውተንን ዕዳ ስመለከት ይህን ልማድ አስታውሳለሁ። ቀኑ አልፎ ነበር፤ ግን የእፎይታ ቀን ተጨመረለት። የእፎይታ ቀን ዕዳውን አይሰርዘውም፤ ለመክፈል ጊዜ ይሰጣል እንጂ።

በ1785 ዲሴምበር ወር ዊልያም ዊልበርፎርስ የሚባል የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት በስውር ሊጠይቀው መጣ። ይህ ሰው የፓርላማ አባል ነበረ፤ ልቡ ወደ እግዚአብሔር ስለ ዞረ ሹመቱን ትቶ ሊሄድ ያስብ ነበር። ኒውተን ግን በዚያው ቆይቶ አገሩን እንዲያገለግል መከረው። ወጣቱም ምክሩን ሰማ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የባሪያን ንግድ ለማስቀረት የሚታገሉት ሰዎች በፓርላማው ውስጥ መሪያቸው እርሱ ሆነ።

በ1788 ኒውተን ስለ አፍሪካ ባሪያ ንግድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የመጨረሻው ጕዞው ከተፈጸመ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖት ነበር። በመጽሐፉም ራሱን አላጸደቀም። ኑዛዜው እጅግ የዘገየ መሆኑን፥ ዛሬ ልቡን የሚያንቀጠቅጠውን ሥራ ራሱ እንደ ሠራ በግልጥ ተናገረ። እስረኞቹ በመደርደሪያ ላይ እንዳሉ መጻሕፍት ተጠጋግተው እንደሚተኙ፥ ሴቶቹ እንዴት እንደሚደፈሩ፥ መርከበኞቹም ራሳቸው በዚህ ንግድ ልባቸው እንደሚደነድን አስረዳ። ይህን የጻፈው ከሩቅ የሰማ ሰው አልነበረም፤ ያደረገው ሰው ነበረ። በንጉሡ አማካሪዎችና በፓርላማው መርማሪዎች ፊትም ቀርቦ መሰከረ። በከተማው የተከበረ ሽማግሌ ቄስ ነበረና ዝም ቢል ማንም አይጠይቀውም ነበር። ስሙን አሳልፎ ሰጠ። በወጣትነቱ ሌሎች ገፈው አዋርደውት ነበር፤ በሽምግልናው ግን ስለ እውነት ብሎ ራሱን አዋረደ። የመጀመሪያው ከግሬስ መውደቅ ነበረ፤ ይህ ሁለተኛው ግን የግሬስ ሥራ ነበረ።

በ1790 ሜሪ ሞተች፤ ኀዘኑም ብርቱ ነበረ። ዓይኑና ማስታወሻው ቢደክሙም እስከ 1806 ድረስ ሰበከ። በ1807 ማርች 25 ቀን የእንግሊዝ ንጉሥ የባሪያን ንግድ የሚከለክለውን ሕግ አጸደቀ። ኒውተንም ይህን ለማየት በሕይወት ነበረ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 21 ቀን በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። አስቀድሞ ለመቃብሩ በጻፈው ቃል ከሃዲ እንደ ነበረና በአፍሪካ የባሮች አገልጋይ ሆኖ እንደ ኖረ እንዲመሰከርበት አዝዞ ነበር። በ1893 አፅሙ ወደ ኦልኒ ተወሰደ።

መዝሙሩ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በአሜሪካ በ1835 ዊልያም ዎከር የሚባል ሰው ዛሬ ከሚዘመርበት ዜማ ጋር አጋጥሞ አሳተመው። ከአፍሪካ ተወስደው የተሸጡት ሰዎች ልጆችም የራሳቸው አድርገው ዘመሩት። እነሆ፥ በአንድ ደሴት ላይ የታሰሩ ሰዎች በስውር ያቀረቡት ጕርሻ ከረጅም ዘመን በኋላ መዝሙር ሆኖ ወደ ወገኖቻቸው ተመለሰ። ዕዳው ሁሉ ተከፈለ አልልህም፤ በእነዚያ መርከቦች የሞቱትን የሚመልስ መዝሙር የለም።

ለአንተ የሚሆን ምክር

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ሰው ለመኰነን አትቸኵል። የባሪያ ንግድ የእንግሊዞች ኃጢአት ብቻ አልነበረም። በአገራችንም ሰው ሰውን ይሸጥና ይገዛ ነበር፤ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 ነው። በዚያም ዘመን ጾሙን የሚጾሙ፥ ጸሎቱን የሚጸልዩ፥ ባሪያም የሚገዙ አባቶች ነበሩን። ስለዚህ ወደ ራሳችን እንመለስ።

አንደኛ፤ ከማዕድህ በፊት ስታመሰግን ያን መብል ያቀረበችልህን ሴት፥ ውኃ የቀዳችውን ሠራተኛ አስብ። ምስጋና ወደ ላይ ብቻ ወጥቶ ወደ ጎን ካልተመለሰ ግማሽ ነው። ለሠራተኛህ ደመወዟን ሳትከፍል የምታደርሰው የማዕድ ጸሎት ኒውተን በመርከቡ ላይ ያደርስ የነበረውን ጸሎት ይመስላል።

ሁለተኛ፤ ሁሉም ያደርገዋል፥ ሕግም አይከለክለውም በማለት ኅሊናህን አታስተኛ። ኒውተንን ያሳወረው ክፋት ሳይሆን ልማድ ነበረ። ዛሬ እኛን የሚያሳውረን ልማድ የትኛው እንደ ሆነ ልጆቻችን ያውቁት ይሆናል፤ እኛ ግን አስቀድመን እንመርምር።

ሦስተኛ፤ የተጨመረልህን ቀን አታባክን። ዕድሜህ የእፎይታ ጊዜ ነው። የበደልኸው ሰው በሕይወት ሳለ ሂድና በደልህን ንገረው፤ የወሰድኸውንም መልስ። ኒውተን ሠላሳ አራት ዓመት ዘገየ፤ በመሐል የሞቱት ሰዎች ኑዛዜውን አልሰሙም። የዘገየ ኑዛዜ ከዝምታ ይሻላል፤ ፈጥኖ የመጣው ግን ከዘገየው ይበልጣል።

ጌታችን በምሳሌው ብዙ መክሊት ዕዳ ተትቶለት ሳለ ባልንጀራውን ስለ ጥቂት ዲናር አንቆ ስለ ያዘው ባሪያ አስተምሮናል። ያ ሰው የተሰጠውን ምሕረት አልካደም፤ በእጁ ይዞ አስቀረው እንጂ። ግሬስ በሚለው ቃል ውስጥ መስጠትና ማመስገን አንድ ስም እንዳላቸው አይተሃል። እንግዲህ ጸጋ በቤትህ ደጃፍ እንዳይቆም በሩን ክፈትለት፤ ወደ አንተ የመጣው በአንተ በኩል ወደ ሌላው ሊያልፍ ነውና።